አደባባይ የወጣ ወገብ

«ዘጠና ስምንት!» አለች ባለ ፋርማሲዋ፣ ስልኳን አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት እያዘነበለች። «ባለ ዳቦ ቤቷ ወገቤ ሰባ ነው እያለች አልነበር ስትምልልን የኖረችው?»

«ቀስ በይ እንጂ! ሐዘን ቤት ነው።»

«እኔ ምን አደረግሁ? የለጠፈው የሟች ልጅ!»

የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ነበር። ሳሎኑ ከመጨናነቁ የተነሣ ለማልቀስ እንኳ ወረፋ መያዝ ያስፈልግ ነበር። አይገርምም፤ የሞተችው ልብስ ሰፊ ግማሹን ዓለም ያለበሰች፣ ቀሪውን ግማሽ ደግሞ በቀጠሮ የያዘች ሴት ነበረች። የእሷ መርፌ እስኪደርስ የሠርግ ቀን ይገፋ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማጋነን ቢሆንም ትንሽ ነው።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ግን ስለ እሷ የሚያወራ ጠፋ። ወሬው ሁሉ የደንበኞቿ ወገብ ሆነ። ትልቁ ልጇ የልክ ደብተሯን አሥራ ሁለት ገጽ ፎቶ አንሥቶ፣ «የጀግናዋ እናቴ የእጅ ጽሑፍ» ብሎ ለጥፎታል። የአርባ ዓመት ደረት፣ ወገብና ዳሌ፣ ከነባለቤቶቹ ስም!

ትንሿ ልጇ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ፣ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ሁሉንም ሰማች። እናቷ ልክ ስትወስድ በር ትቆልፍ ነበር። ቁጥሩን ጮክ ብላ አትጠራም፤ ጽፋ ደብተሩን ትከድናለች። ልጅቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ የአንዷን ሙሽራ ወገብ ብትጠይቃት፣ እናት በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ስሚ፣ ሰው እኔ ፊት ልብሱን የሚያወልቀው አፌን አምኖ ነው። አፌን ከፈትኩ ማለት በሬን ከፈትኩበት ማለት ነው።»

አሁን በሩ ወለል ብሏል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንድ ገጽ ነበር፤ የሂሳብ መምህርቷ ገጽ። መምህርቷ ከስድስት ዓመት በፊት ታማ፣ ሆስፒታል ከርማ ስትመለስ፣ እዚህ ቤት ከልብስ ሰፊዋ ጋር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተዘግታ ዋለች። ትንሿ ልጅ ከበሩ ውጭ መጀመሪያ ለቅሶ፣ ቆይቶ ደግሞ ሳቅ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ «ሕመሙ እንዴት ነው ያማረባት!» ይል ጀመር። ለምን እንዳማረባት ልጅቷ ያወቀችው ዛሬ ነው፤ እንደማንኛውም ሰው፣ ከስልኳ።

«ግራ ደረት፦ ሁለት እፍኝ ጥጥ፣ ገበሩ ውስጥ። ማንም እንዳያውቅ።»

ወንድሟን ኮሪደሩ ላይ ያዘችው።

«ወንድም ጋሼ፣ አጥፋው።»

«ምኑን? ዘጠኝ ሺህ ሰው ወዶታል እኮ! እማዬን የማያውቅ ሁሉ አወቃት።»

«ያወቁት እማዬን አይደለም። የመምህርቷን ደረት ነው።»

«ማን ደግሞ ሰባተኛው ገጽ ድረስ ይወርዳል?»

«ሰባተኛ መሆኑን አልነገርኩህም።»

ወንድም ጋሼ ወደ ሳሎኑ ገላመጠ። «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሰው እንዳይሰማው የሚፈለገው ያንተ ጉዳይ ብቻ ነው?»

ትታው ሳሎን ገባችና መሐል ላይ ቆመች።

«ስልካችሁን ስታዩ የነበራችሁ፣ ያያችሁት ይበቃል። ሻያችሁን ጨርሱና ውጡልኝ።»

አክስቷ ደረቷን መታች። «ኧረ አንቺ ልጅ! ለቀስተኛ ይባረራል?»

«ለቀስተኛ አላባረርኩም አክስቴ። ያባረርኩት ተመልካች ነው።»

ወንድም ጋሼ ከኋላዋ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ በአውራ ጣቱ ስልኩን ነካ። «አጥፍቼዋለሁ» አለ። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ገጹ እዚያ ሳሎን ውስጥ ብቻ በሃያ ስልክ ተቀምጧል።

ማንም ከመቀመጫው ሳይነሣ በሩ ተከፈተ።

መምህርቷ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ የሰፋችላትን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ምን ለብሳ! ቀሚሱ ከነገሥታት ጓዳ የወጣ ይመስል ነበር። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ሄደ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ጣሪያ ሸሸ።

«እንዴት ዋላችሁ?» አለች ቀጥ ብላ። «ምነው ጣሪያው ላይ ምን አለ? ከዚያ ይልቅ እዚህ እዩ። ቁጥሩ ካልገባችሁ ጠይቁኝ፤ ግማሾቻችሁን መደመር ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ።» ዞር አለች። «አንቺ ባለ ፋርማሲ፣ ማካፈል ዱሮም ትወጂ ነበር።»

ባለ ፋርማሲዋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ቦርሳውን ዘግታ፣ ቦርሳው ላይ ተቀመጠች ማለት ይቻላል። አንድ ሽማግሌ ሳል አመካኝቶ ወጣ። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ተከተሉት።

መምህርቷ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ይቅር ይበሉን መምህር» አለች ልጅቷ። «እማዬ ብትኖር...»

«እናትሽ ስድስት ዓመት ሙሉ ደብቃኛለች። ከእንግዲህ መደበቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።»

ልጅቷ ራሷን በመምህርቷ ግራ ደረት ላይ ጣለች።

«ይቺኛዋ እኮ የእናትሽ ሥራ ናት» አለች መምህርቷ በቀስታ።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ፤ ጉንጯን ይበልጥ አስጠግታ ጆሮዋን ለጠፈች።