ያልወለቀው ቦት ጫማ

ቦት ጫማዬን እንዳደረግሁ ሁለት ሌሊት ተኛሁ። በእኛ መንደር ሰው ቤት በጫማ መግባት ነውር ነው፤ በጫማ መተኛትማ ስምም የለው። ግን ምን ላድርግ? ሆዴ ከገፋ ወዲህ እግሬን ካየሁ ሰንብቻለሁ። ባሌ አይቪን ዓሣ ለማስገር ወደ ሎፎተን ደሴቶች ሲሄድ ማሰሪያውን አጥብቆ ቋጠረልኝና «እስክመለስ እንዳታወልቂው» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ እውነት ሆኖ አረፈው። ካወለቅሁት መልሼ አላስረውም፤ ሳላስር ብወጣ መንገዱ ሁሉ በረዶ ነው፣ ማገዶው ደግሞ ያለው ውጭ። ስለዚህ አንሶላው ላይ ፌስታል አንጥፌ ተኛሁ። ጎረቤት እንዳልጠራ፣ «እርግዝና በሽታ አይደለም» እያልኩ ስደነፋ የከረምኩት እኔው ነኝ።

አማቴ እማማ ጉንቮር ከመንገዱ ማዶ ነው የሚኖሩት። ብርዱ ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ደጄን አልረገጡም፤ በዚህም ለአይቪን ስንቴ ከስሻቸዋለሁ። በሦስተኛው ቀን «የዓሣ ሾርባ ሠርቻለሁ፣ ነይ» ብለው ደወሉ። ሄጄ እንደ በፊቱ ቀን በር ላይ ቆምኩ።

«ግቢ እንጂ፣ ቤቱን አታቀዝቅዢብኝ።»

«ቸኩያለሁ እማማ። በዕቃ ያድርጉልኝና ቤቴ እበላዋለሁ።»

«ማን ይጠብቅሻል? ባልሽ እንደሆነ ባሕር ላይ ነው።»

«እንዲያው ነው።»

«ትናንትም ከደጅ ተመለስሽ። ቤቴ ይሸታል? ወይስ እኔን መቅረብ አስጠላሽ?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሁንም ዋሽቼ ብመለስ ዳግም እንደማይጠሩኝ ገባኝ።

«ጫማዬን ማውለቅ አልችልም» አልኩ፣ ወለል ወለሉን እያየሁ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላወለቅሁትም። ተኝቼበታለሁ።»

ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። ከዚያ በሩን ዘግተው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ቋጠሮውን ፈትተው ቦቱን ሳቡት። ሽታው ሲወጣ የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም፤ ያበጠ እግሬን በመዳፋቸው ያሹልኝ ጀመር።

«በቃ እማማ፣ ይነሱ።»

አልተነሱም።

«አልችልም» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ጉልበት አንዴ ከታጠፈ አይዘረጋም።»

እጄን ስዘረጋላቸው «ተዪ፣ ትወድቂያለሽ» አሉኝ። እንደምንም ዞረው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው እግሬ ስር ወድቀው እኔ በርጩማ ላይ መቀመጤ ከበደኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ተንሸራትቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ለምን ይመስልሻል ቤትሽ ያልመጣሁት?» አሉ ወደ በሩ እያዩ። «ጫማ ማሰር ካቃተኝ ቆየ። ለልጄ ሚስት ይህን ምን ብዬ ልንገራት? አፈርኩ።»

ለአይቪን ስለ እሳቸው ያልኩትን ልናዘዝላቸው አሰብኩ። እጃቸውን ብቻ ያዝኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባው ምድጃው ላይ ሲገነፍል ሁለታችንም ሰማን። ከሁለታችን ተነሥቶ የሚያወርደው ግን አልነበረም።