ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ክኒን

ሰው የምለካው በዓይኔ ነው። ደንበኛ በሩን ሳያልፍ ወገቡን አውቃለሁ፤ ሜትር የማወጣው ለይሉኝታ ነው። ታላቅ እህቴ ግን በሦስት ወር ውስጥ ጉድ ሠራችኝ።

ሳንባዋ ታሞ ነበር። የልብስ ስፌት ሱቄ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ስትወጣ አራት ጊዜ ትቆማለች። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን አዘዘላት፤ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ነጭ ክኒን ናት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረጃው ላይ የምትቆመው አንዴ ብቻ ሆነ። ደስታዬን ሳልጨርስ ፊቷ ክብ ሆነ፤ ማጅራቷ አበጠ፤ ክንዷ ግን ሰለለ። እንቅልፍ አጣች፤ የበላችው አላጠግብ አላት፤ በሆነው ባልሆነው ሆድ ይብሳታል። ያቺ ፍርፋሪ ክኒን ሰውን ተርትራ እንደገና ስትሰፋ እያየሁ ተደነቅሁ፤ ፈራሁም።

ለልጇ ሠርግ የምትለብሰው ቀሚስ ጠቧት እንዳሰፋው አመጣችልኝ። ከመተኮሴ በፊት ኪስ እፈትሻለሁ፤ የሙያው ደንብ ነው። የክኒኑ ማሸጊያ እጄ ላይ ወጣ። በየክኒኑ ጀርባ ቀን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ያለፈው የሦስት ቀኑ አልተነካም። ዞር ስል ወንበሩ ላይ ገርጥታ ላብ አጥምቋታል።

«እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኳት።

«እኔን የደበቀኝ መድኃኒቱ ነው» አለች። «ልጄ ነገ ከነገ ወዲያ የሠርጓን ፎቶ ስታይ እናቴ የታለች ብትልስ?»

ለሐኪሙ ደወልኩ፤ አሁኑኑ አምጣት አለኝ። ሆስፒታል ግሉኮስና መርፌ ተሰጣት። ከኩላሊት በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ አለኝ ሐኪሙ፤ ክኒኑን የመሰለ ነገር ለሰውነት የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ክኒኑ ሲመጣ ሥራ ፈትተው ተኝተዋል። በድንገት ከተቋረጠ ሰውነት ባዶውን ይቀራል፤ ሕይወትም ያልፋል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ፣ እነሱ እስኪነቁ ነው፤ ፊቷም ያኔ ይመለሳል።

ሠላሳ ዓመት ሰው ስለካ ከጨርቁ በታች እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። እነዚያ ዕጢዎች ማንም ሳያመሰግናቸው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተዋል። እሷ ክኒኗን ቀጠለች፤ እኔ ቀሚሱን አሰፋሁት፤ ፊቷ ሲመለስ መልሼ የማጠብበትን ስፌትም አብሬ አሰብኩ።

የሠርጉ ጠዋት የጫማዋን ድምፅ ከታች ሰማሁ። ሳልወድ መቁጠር ጀመርኩ። አስር። አስራ አምስት። ሃያ ሁለት። አንዴም አልቆመችም።

በሩ ላይ ያ ክብ ፊቷ ብቅ ሲል እንባዬ መጣ።

«ምን ታፈጣለህ? እንዳይጠበኝ ለካኝ እንጂ» አለች።

«ደረጃው ላይ ለክቼሻለሁ» አልኳት።