የሙአዊያ ሀቅ

«ጀመዓ! ሰዑድ ላይ ሀቅ ያለው ካለ አሁን ይናገር» አሉ ሸህ ሐሰን፣ ለሁለተኛ ጊዜ። «የማይናገር ደግሞ አውፍ ይበለው፣ ይቅር ይበለው።»

ጀናዛው ግቢው መሀል ተቀምጧል። ወንዶቹ ለስግደት ተሰልፈዋል፤ ሴቶቹ በረንዳው ላይ ተጠጋግተው ያዳምጣሉ። «አውፍ ብለነዋል! አላህ ይማረው!» የሚል ድምፅ ከየሰልፉ ተነሳ። ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ሰዑድ በውጫሌ ዙሪያ የተከበሩ ሰው ስለነበሩ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው። ልጃቸው ኢቲሳም ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምታየው አንዱን ብቻ ነበር። ከመጨረሻው ሰልፍ ዳር የቆመው ሙአዊያ አፉን አልከፈተም። አጠገቡ ያሉት ገልመጥ አደረጉት፤ እሱ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ከሰው እኩል ሰገደና ከሰው ኋላ እየተከተለ ወደ መቃብሩ ሄደ።

ኢቲሳም በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አለች። የደገፏት ሴቶች በሐዘን መስሏቸው «አብሽሪ፣ አብሽሪ እንጂ» አሏት። ሐዘኑማ ነበር፤ ያን ጊዜ የጣላት ግን ሐፍረት ነው። አላህ የራሱን ሀቅ ይምራል፤ የሰውን ሀቅ ግን የተበደለው ራሱ ካልማረ ሟች ተሸክሞት እንደሚሄድ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትማር ነው ያደገችው። የአባቷ ሸክም ምን እንደሆነም ታውቃለች።

የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ድንኳኑን ተከለ። ወንዶቹ ድንኳን፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። የለቅሶ ቤት ወሬ መቼም ያው ነው፤ አንዴ ስለ ሟች፣ አንዴ ስለ ማዳበሪያ፣ ከዚያ ሳዑዲ ስላሉ ልጆች፣ ከዚያ ዞሮ ስለ ሟች።

«ያ ሌባ ደግሞ ምን ሊያይ መጣ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«የትኛው? የሸህ ሐሰንን በሬ የሰረቀው?»

«እሱ ነዋ! ይዞ ያሳመነው ሰዑድ አይደል? ቂሙን ይዞ ነው አፉን የለጎመ።»

«ከቅሬ የወጣ ሰው ለቅሶ ምን ያደርጋል፣ ወላሂ።»

የኢቲሳም እናት ዙሌይካ ሰምተው እንዳልሰሙ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ኢቲሳም እግሯን ሰብስባ፣ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ፊቷን ማንም ባያየው ደስ ባላት ነበር።

ሙአዊያ የተያዘ ጊዜ እሷ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አባቷ ከከተማ ወጣ ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ መርማሪ ነበሩ፤ ምሳቸውን የምታደርሰው እሷ ናት። አንድ ቀን የጓሮውን በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ሰውየው እጅና እግሩ አንድ ላይ ታስሮ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ውስጥ እግሩ ወደ ላይ ዞሯል። የእግሩ ቀለም የእግር ቀለም አልነበረም። ግርፋቱ ወፌ ላላ እንደሚባል ያወቀችው ኋላ ራሷ ፖሊስ ስትሆን ነው። አባቷ ላባቸውን እየጠረጉ ወጡና «ምነው ዛሬ ዘገየሽ?» አሏት። ከጆጉ ውሃ እያፈሰሰች አስታጠበቻቸው። አጣጥመው በሉ። «ጎሽ የኔ ልጅ!» ብለው ግንባሯን ሲስሟት ደስ አላት። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያንገበግባት ያ ደስታ ነው።

ሙአዊያ ሰረቅሁ ብሎ አመነ። ታሰረ። በሸህ ሐሰን በሬ ፋንታ የራሱን በሬ አስረከበ። ሲፈታ ደግሞ ቅሬው አስወጣው። ድግስ አይጠራም፣ ለደቦ አይፈለግም፤ እናቱ ስትሞት ከወንድሙ ጋር ሆኖ መቃብሯን ራሱ ቆፈረ።

በማግስቱ ኢቲሳም ሙአዊያን ከድንኳኑ ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ግባ ያለው የለም፤ እሱም ልግባ አላለም፤ ግን መጥቷል።

«ጋሽ ሙአዊያ፣ እንደምን አደሩ?»

ቀና ብሎ አያት። በዚያ መንደር አንቱ ያለው ሰው ስለሌለ ሌላ ሰው አጠገቡ የቆመ ሳይመስለው አልቀረም።

«አልሐምዱሊላህ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

«አባቴ ከመሞታቸው በፊት ስምዎን አንስተው ነበር።»

«ምን ብሎ?»

ነገረችው። አባቷ ስኳሩ አልጋ ላይ ሲጥላቸው ሰው ሁሉ ይውጣልኝ ብለው የነገሯትን፣ እንዳለ ነገረችው። በሬውን የወሰደው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ከዓመታት በኋላ ወረባቦ ላይ በሌላ ስርቆት ተይዞ ይህንንም ለፍልፏል። ሃምሳ አለቃ ሰዑድ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ሊሞቱ ሲሉ ብቻ «ሙአዊያን ፈልጊና አውፍ አስብይልኝ» አሏት። እሷም እሺ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የማስተምረው ስልጠና ይለቅ፣ ዝናቡ ያባራ፣ ጁምዓ ይድረስ እያለች ስታመነታ አባቷ ሞቱ። እውነቱን ለመናገር የሰውየውን ፊት ለማየት አፍራ ነው።

ሙአዊያ ሳይንቀሳቀስ አዳመጣት።

«ያውቅ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ያውቁ ነበር።»

«ሱብሐነላህ! እኔኮ ተሳስቶ ነው፣ ተሳስቶ ነው እያልሁ ነበር ራሴን የማጽናናው።»

«ጋሽ ሙአዊያ፣ ለአላህ ብለው አውፍ ይበሏቸው።»

«እዚሁ? እኔና አንቺ ብቻ፣ ዛፍ ሥር?» ፈገግ ያለ መሰለ። «ሌባ የተባልሁት ዛፍ ሥር አይደለም እኮ። ገበያ ለገበያ እየነዱኝ ነው። ልጄን የሌባ ልጅ ብለው የሚያገባት ጠፍቶ ነው ዓረብ አገር የላክኋት። አውፍ ከፈለግሽ ግቢና ድንኳኑ ውስጥ ለሰው ተናገሪ። ያን ጊዜ አፌ ከታዘዘልኝ እላለሁ።»

«እናቴስ? በዚህ ሐዘን ላይ እንዴት አድርጌ...»

«እናትሽማ ያሳዝኑኛል» አለ። «እኔም እናት ነበረችኝ።»

ያን ቀን አልተናገረችም። ድንኳኑ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ሸህ ሐሰን «ምነው ልጄ፣ የጎደለ አለ?» ሲሏት «ኧረ የለም» አለቻቸው፤ ይህን ስትልም አፈረች። ሸህ ሐሰን የሰፈሩ ኢማም ብቻ አይደሉም፣ የቅሬው ዳኛም ናቸው። በሬው የእሳቸው ነበር፤ ሙአዊያን ያስወጡትም እሳቸው ናቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሳ የመጨረሻው ዱዓ ሲደረግ፣ ሰልጣኞቿ ከሐይቅ ከተማ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ኢቲሳም ኢንስፔክተር ናት፤ ከጦርነቱ በኋላ ፖሊሱን እንደገና ለማቋቋም በተከፈተው ስልጠና ምርመራ ታስተምራለች። ጣቢያዎቹ ተዘርፈው፣ በርና መስኮታቸው ሳይቀር ተነቅሎ ነበር። ከፖሊሶቹ አንዳንዱ ሞቷል፤ አንዳንዱ ዩኒፎርሙን አውልቆ ሸሽቶ ኋላ ተመልሷል። ሕዝቡም ሁሉንም እኩል ይጠረጥራል።

ሰልጣኞቹ አዲሱን ቦት ጫማቸውን ድንኳኑ በር ላይ ሲፈቱ ብዙ ቆዩ። ገበሬዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸሸጉ። ፖሊስ በጅምላ ሲመጣ መበተን እንጂ ጫማውን እስኪፈታ መጠበቅ አልለመዱም። ኢቲሳም እንግዶቿን ልታስገባ ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች፤ እናቷና ሴቶቹም ወጣ ብለው በረንዳ ላይ ሆነው ያያሉ።

ዱዓው ሲያበቃ ሰላሀዲን የሚባለው የሰልጣኞቹ አለቃ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ።

«ሃምሳ አለቃ ሰዑድን በአካል አላውቃቸውም» አለ። «በክፍል ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ኢንስፔክተራችን ሁልጊዜ ይነግሩናል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርማሪ ሆነው አንድ እስረኛ በእጃቸው አልነኩም። እኛም እንደሳቸው ለመሆን ቃል ገብተናል።»

አሚን ያለው ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። የሰዑድን ዱላ የቀመሰ ሙአዊያ ብቻ አልነበረም፤ እዚያ ድንኳን ውስጥም ነበሩ።

ወሬው የኢቲሳም ነው። ስልጠናው የተጀመረ ዕለት ከኋላ የተቀመጠ አንድ አንጋፋ ፖሊስ «ያለ ዱላ ሌባ ያምናል እንዴ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። ተናደደች። «አባቴ ሰው ሳይመቱ ነው ያን ሁሉ ወንጀል ያወጡት» አለች፤ ሳቁም ቀጥ አለ። ስለሠራላት ለሚቀጥለው ክፍልም ደገመችው። እየደጋገመችው ሄዳ አንዳንድ ጊዜ ራሷም ታምነው ነበር።

ዛሬም ከድንኳኑ ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር የተቀመጠው ሙአዊያ ከድንጋዩ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈና ወደ መንገዱ ዞረ። ኢቲሳም አሁን ከሄደ እንደማይመለስ ገባት።

«ዋሽቻችኋለሁ!» አለች።

ሰላሀዲን እንደቆመ ቀረ።

«አባቴ ይመቱ ነበር። ምሳ ሳደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሙአዊያን ወፌ ላላ ገልብጠው ነው ያሳመኑት። በሬውን አልሰረቀም። ሌባው ኋላ ወረባቦ ላይ ተይዟል። አባቴ ይህን አውቀው ዝም አሉ፤ እኔም አውቄ ዝም አልሁ። ሙአዊያ ሌባ አይደለም።»

«ኢቲሳም!» አሉ እናቷ ከበረንዳው። «ያባትሽ አፈር እንኳ ሳይደርቅ!»

ሰልጣኞቹ ካልሲያቸውን ያያሉ። ሸህ ሐሰን ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ያ በሬ» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «እስኪያረጅ ድረስ አርሼበታለሁ። የሰው በሬ ነው ያረስሁበት።»

ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ዞሮ ሙአዊያን ጠበቀ። ሙአዊያ ጀርባውን እንደሰጠ ጥቂት ቆመ። ትከሻው ከፍ ዝቅ አለ። አውፍ አላለም። ወደ ቤቱ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ሄደ።

የተናገረ ሰው ቅልል ይለዋል ሲባል ሰምታ ነበር። አልቀለላትም። ሐፍረቷ ያው ሐፍረት ነው፤ አሁን እናቷም ተካፈሉት። ቤት ስትገባ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት እንጂ ቀና ብሎ ያያት የለም። ዙሌይካ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

«እማ...»

«አታናግሪኝ።»

በሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰልጣኞቹ ተሰናብተው ሄዱ፤ ድንኳኑ ተነሳ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሙአዊያ ሚስት ዘሀራ ሌማት ተሸክማ ደጁ ላይ ቆመች። የለቅሶ ቤት ምግብ የሚያመጣው ቅሬተኛ ነው፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ሌማት ከደጅ ይመለሳል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተነስቶ የሚቀበላት ጠፋ።

«የሙአዊያ ቤት ነው» አለች ዘሀራ፣ የማያውቃት ያለ ይመስል። አንገቷ በሸክሙ ተወጥሯል።

ዙሌይካ ተነሱ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠች ሚስት ለእንግዳ አትነሳም፤ እሳቸው ግን ተነሱና ሌማቱን ከራሷ ላይ በሁለት እጃቸው አወረዱት።

«ባልሽ ምን አለ?» አሉ ሳያዩዋት።

«ገና ነኝ ብሏል። ሲሆንልኝ መቃብሩ ድረስ ሄጄ አውፍ እለዋለሁ አለ። ይህን ግን አድርሺ አለኝ።»

ዙሌይካ ክዳኑን ከፈቱ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመሱም። ከእንጀራው ቆረስ አድርገው በሽሮው አጠቀሱና ጎረሱ።

«ጨው አነሰው» አሉ።

«ልኩ ጠፋኝ» አለች ዘሀራ። «ለለቅሶ ቤት ሠርቼ አላውቅም።»

ዙሌይካ ጉርሻው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ማኘክ አቆሙ። እንባቸው መጣ። ዘሀራን ክንዷን ይዘው እሳቸው ከተነሱበት ቁርበት ላይ አስቀመጧት።

«ኢቲሳም» አሉ ሳይዞሩ፣ «ጨው አምጪ።»

ኢቲሳም ጓዳ ገባች። ዕቃ መፈለግ ትዝ አላላትም፤ ጨውን በእፍኟ ይዛ መጥታ እናቷ ፊት ተንበረከከች። ዙሌይካ እጇን ከሥር ደግፈው ያዙት። ከመዳፏ ቆንጠር እያደረጉ ወጡ ላይ በተኑ፤ በቃ ብለው ሲጨርሱም እጇን አልለቀቁትም።