የተረፈችው ቃል

መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ክፍል ሲገቡ ጠመኔውን እያነሱ «ራይት!» ይላሉ፤ ጫጫታው ውሃ እንደፈሰሰበት እሳት ጥፍት ይላል። ተማሪ በትክክል ከመለሰ «ራይት» ነው። ተሳስቶ በልበ ሙሉነት ከተናገረ ግን ቃሏን እንደ ላስቲክ ይጎትቷትና «ራ…ይት» ይሉታል፤ ይህችኛዋ «በል ተቀመጥ» ማለት ነበረች። ልጆቹ በሌሉበት «ቲቸር ራይት» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ አልከፋቸውም። እንዲያውም ከሁሉ የሚወዱት የዚችኑ ቃል ፍቺ ማስተማር ነው። ሰሌዳው ላይ ቀኝ፣ ልክ፣ መብት፣ ቀጥ ያለ፣ ተገቢ፣ አሁኑኑ እያሉ ይደረድሩና «ይቺ ቃል ዘመደ ብዙ ናት» ይላሉ። «ከማን ጋር እንደመጣች ሳታዩ በሩን እንዳትከፍቱላት።»

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሲነቁ ቀኝ እጃቸውና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ከዚያ ሁሉ ቃል፣ ከሁለቱም ቋንቋ፣ የተረፈቻቸው አንዲት ብቻ ነበረች።

«ራይት» አሉ ልጃቸውን ሲያዩ፤ እንባቸው ወረደ። «ራይት፣ ራይት።»

ሐኪሙ ልጅቱን ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት። «ሁሉንም ይሰማሉ፤ ሁሉም ይገባቸዋል። ውሃ ሊሉ ይነሳሉ፤ አፋቸው ላይ ሲደርስ ግን የምትወጣው ይቺው ናት። አንገታቸውን ሲነቀንቁም እንዳትሸወጂ፤ ቃሏ ስትወጣ አንገታቸውም አብሮ እሺ ይላል።»

«መጻፍስ?»

«መጻፉም ያው ነው።»

ልጅቱን እሜቴ ይሏታል። በሕፃንነቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቤቱን ሁሉ ስለምታዝ አባቷ ያወጡላት ስም ነው። ሥራዋ ድምፅ ማረም ነበር፤ ስቱዲዮ ውስጥ በማዳመጫ ጆሮዋን ደፍና የተቀዳ ንግግር ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። አባባ እስኪሻላቸው ብላ ለጥቂት ወራት ፈቃድ ጠየቀች። ወራቱ ዓመት ሆኑ፤ ዓመቱም ተደገመ።

ጆሮዋ የሠለጠነ ነበርና የአባቷን ቃል ቀስ በቀስ ለየቻት። አጭርና ደረቅ ከሆነች «አዎ» ናት። ጫፏ ወደ ላይ ከወጣ «የት ሄድሽ?» ነው። ቶሎ ቶሎ ከተደጋገመች «ተይኝ እስቲ»። ከተጎተተች ደግሞ እንደ ድሮው ናት፤ «አይሆንም»። ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል፤ መምህሩ «ራይት» ይላሉ፤ ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ እሜቴ ይዞራል።

«ልጅህ ፈተናውን አለፈ ወይ ነው የሚሉህ» ትላለች።

መምህሩ እፎይ ብለው ትራሱን ይደገፋሉ።

እሷ ግን የሰው አፍ ሆና ቀረች። መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ሰልፉ ከረዘመባት ጥላው ትመለሳለች። የክፍሉ መስኮት የሚከፈተው ፊት ለፊት ወዳለው ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ ቀኑ መሽቶ እንደሆን የምታውቀው ግድግዳው ሲጠቁር ነው። አንድ ቀን ቁልፍ ጠፍቶባት ስትፈልግ ቆይታ፣ ስታገኘው «ራይት!» የሚል ድምፅ ሰማች። ከራሷ አፍ ነበር የወጣው።

በመጨረሻ ከስቱዲዮው ተደወለ። «የለቀቀ ሰው አለ» አላት የድሮ አለቃዋ። «ሰኞ ከገባሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ግን ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም።» ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው ታላቋ፣ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መኪና ይዞ መጣና አባቱ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አባባ፣ እኔ ጋ ይምጡ። ደረጃ የሌለው ክፍል አዘጋጅቻለሁ፤ የምትንከባከብዎትም ሴት ተገኝታለች። እሜቴም ትንሽ ትተንፍስ፤ ገና ልጅ ናት። ይሄዳሉ አይደል?»

መምህሩ መደርደሪያው ላይ ያሉ መጻሕፍታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው ያረፉበትን አልጋ አዩ።

«ራ…ይት» አሉ። ቃሏ ተጎተተች። አንገታቸው ግን ከላይ ወደ ታች ተነቀነቀ።

ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረ። «እሺ ነው ያሉት፣ አይደል? ቋንቋቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እሜቴ ሰኞን አሰበች፤ ማዳመጫውን፣ ከሰዎች ጋር ቆሞ አውቶቡስ መጠበቅን።

«አዎ» አለች። «እሺ ነው ያሉት።»

መምህሩ ዐይናቸውን ተከሉባት። ከንፈራቸው ሌላ ቃል ፍለጋ ተንቀጠቀጠ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ።

«ራይት!» አሉ። «ራይት! ራይት!»

«ይኸው፤ እንዲያውም ቸኩለዋል!» አለ ወንድምየው እየሳቀ።

አልሄድም ብለው በጮኹ ቁጥር «ልክ ናት» እያሉ ይመሰክሩላት ነበር። እሜቴ ይህ ገባት፤ ቢሆንም ሻንጣ አወረደች። ሸሚዝ አጣጠፈች፤ መድኃኒቱን በላስቲክ ቋጠረች፤ ዐይናቸውን እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆየች።

ወንድምየው ተሽከርካሪ ወንበሩን ሲገፋ በሩ ላይ ቀጥ አለ። መምህሩ በግራ እጃቸው መቃኑን ጨብጠዋል።

«እጃቸውን አላቅቂልኝ እስቲ፤ እኔ ወንበሩን ልያዝ።»

እሜቴ ጎንበስ አለች። አውራ ጣታቸውን አላቀቀች። ሌባ ጣታቸውን አላቀቀች። መሃል ጣታቸው ላይ ስትደርስ አባቷ ጆሮዋ ስር ዝግ ብለው «ራይት?» አሏት። በዚህ ዓይነት ድምፅ ሰምታት አታውቅም። ፍቺ ልትሰጣት ሞከረች፤ አቃታት። እጇን ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። አይሆንም ነው ያሉት።»

ወንድምየው የወንበሩን ፍሬን ያዘ። ቆጣ የሚል መስሏት ነበር።

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት?»

«ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጬ አይደል የተማርኩት? ያቺን የተጎተተችዋን ከእኔ በላይ የቀመሳት ማን አለ? ገና ሳይጨርሱ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን እኔን ጠየቅኸኝ?»

«አንቺ ካልሽው ዕዳው ከእኔ ይወርዳል ብዬ ነዋ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «አንቺን እዚህ ጥዬ ስልክ እየደወልኩ ደህና ናቸው ወይ ስል እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሻል? ዛሬ ይዤያቸው ካልሄድኩ ከዚህ በኋላ ምን አፍ አለኝ?»

መምህሩ በሁለቱ መሃል ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ።

ወንድምየው ወንበሩን መልሶ አስገባው። እሁድ እስኪመሽ ቆየ፤ አባቱን አጠበ፤ ጢማቸውን ላጨ። ሲሄድ «ያቺን ሴት ወደዚህ እልካታለሁ» አለ። ቃሉን አላጠፈም፤ ሴትየዋ ግን የመጣችው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ እሷም ለግማሽ ቀን። እሜቴ ጠዋት ጠዋት መውጣት ቻለች። የስቱዲዮው ቦታ በዚያው ሰኞ ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር የምትሄድበት አልነበራትም፤ መንገድ ለመንገድ ስትዞር ቆይታ ትመለሳለች።

ወንድሟ በሄደበት በዚያ እሁድ ምሽት ሾርባ አሙቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እንደ ወትሮዋ ማንኪያውን ወደ አባቷ አፍ አቀረበች። መምህሩ ከንፈራቸውን ገጠሙ። በግራ እጃቸው ማንኪያውን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱ። ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ልትጠርግላቸው ስትጠጋ በክርናቸው መለሷት። ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ እያፈሰሱ ራሳቸው በሉ፤ እሷም ፎጣውን እንደያዘች እያየቻቸው ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጇ ጎርሰው አያውቁም።