ደጆች!

የገላኔ እጅ የቆመው የሀና ፀጉር ግማሹ ተሠርቶ፣ ግማሹ ገና እንደተበተነ ነው። ማበጠሪያው ሀና አናት ላይ ተሰክቶ ቀረ። ዕለቱ ቅዳሜ ሹር በመሆኑ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው የእትዬ ተሾመች ፀጉር ቤት ከጧት ጀምሮ መቆሚያ የላትም። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሴቶች ግንባራቸው ላይ ያሰሩትን ቄጠማ እየፈቱ ወረፋ ይይዛሉ፤ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ያለ ዕረፍት ያጓራሉ፤ የፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን አልቆ አንዷ ከሌላዋ ራስ ላይ እስኪፈታ ትጠብቃለች። እንዲህ ባለ ቀን ሥራ የሚያቆም እጅ ወይ ታሟል፣ ወይ ክፉ ወሬ ሰምቷል።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች ሀና። አንገቷን ማዞር ስላልቻለች የምታያት በመስታወቱ ውስጥ ነው።

ገላኔ አንድ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ በጣቷ ጫን አድርጋ ይዛለች። በማዳመጫው ውስጥ ሙሉሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሙሉሰው ጉሮሮውን የሚጠርገው ከባድ ነገር ሊናገር ሲል እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። መልኩን ግን አንዳቸውም አይተውት አያውቁም።

«እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው» አለ። «ከዓመት በላይ የሰው ደጅ ጠናሁ። አስገቡኝ፣ አጫወቱኝ። በየሳምንቱ ቁጥሩን አያለሁ፤ የሚያዳምጠኝ አራት ሰው ነው። አራታችሁንም አመሰግናለሁ። ግን ሰው የሞተ ልጁን፣ የፈረሰ ትዳሩን አውጥቶ የሚነግረኝ ለሌላው ይጠቅማል ብሎ ነው። ለአራት ሰው ብዬ ከእንግዲህ የሰው ቁስል አልነካም። ዛሬ ማታ ሁሉንም አጥፍቼ ቻናሉን እዘጋዋለሁ። መልካም ፋሲካ።»

መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። አራት? እዚች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻ ከዚያ የሚበልጡ አሉ፤ ካስክ ውስጥ ራሷን ቀብራ የምትፈግገው ያቺ ሴት ማንን እየሰማች ነው? ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«በስመ አብ! ማንን?» አለች ሀና። «ፀጉሬን ጨርሺና ትታሰሪያለሽ።»

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ዓመት ገደማ፣ ሀይሌ ጋርመንት ጋ መንገድ ተዘጋግቶ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። የገላኔ አባት ከሞተ ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። አባቷ ላፍቶ ውስጥ ሕንፃ ከቧት ከተረፈችው ማሳቸው ሲመለስ፣ የገዛ ቤቱ ሆኖ ሳለ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ፣ አንዳንዴ በኦሮምኛ፣ አንዳንዴ በአማርኛ ይጣራል። «ቤቶች!» ይላል እንደ እንግዳ። «ደጆች!» ብለው ካልመለሱለት አይገባም፤ ዝናብ ቢመታውም እንኳ እየሳቀ ይቆማል። ከሞተ ወዲህ ደጃቸው ላይ የሚጣራ ጠፋ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ስልክ ደውሎ ነው የሚገባው።

እንግዲህ በዚያ ታክሲ ውስጥ ከቴሌግራም ላይ ፖድካስት ትጎረጉራለች። ሁለት ወንዶች በራሳቸው ቀልድ ራሳቸው የሚስቁበትን አለፈች። በሦስት ወር ሀብታም መሆን የሚያስተምረውንም አለፈች፤ ከአስተማሪው በስተኋላ የጎረቤት ዶሮ ይጮህ ነበር። ቀጥሎ የነካችው ላይ አንድ የማታውቀው ሰው በጆሮዋ ውስጥ «ቤቶች!» አላት።

«ደጆች!» አለች ጮክ ብላ።

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ገላኔ ግን ታለቅስ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ያለ ልቅሶ ወጥቶላት አያውቅም።

ያ ሰው ሙሉሰው ነው። የፖድካስቱም ስም «ቤቶች!» ነው። በየሳምንቱ መካኒሳ፣ ላፍቶ፣ ጎፋ እየዞረ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ይጣራል፤ ባለቤቶቹ «ደጆች!» ሲሉና በሩ ሲንቋረር ይሰማል፤ ከዚያ ወሬ ነው። ታዋቂ ሰው አይፈልግም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ለዓመታት ተኳርፈው፣ በመጨረሻ አንዲት ድመት ያስታረቀቻቸውን ባልና ሚስት ያገኘ እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው መኪና ሲጠግን ኖሮ አንድም ቀን መሪ ጨብጦ የማያውቀውን መካኒክ ያገኘም እሱ ነው። ሲጠይቅ አይጣደፍም፤ ሰውዬው ዝም ሲል እሱም አብሮ ዝም ይላል።

ገላኔ እንዲህ ያለ ነገር አግኝታ ለብቻዋ የምትበላ ሴት አይደለችም። ፀጉር ልትሠራ የተቀመጠችን ሴት መጀመሪያ የምትጠይቃት «ምን ልሥራልሽ?» ብላ ሳይሆን «ምነው ከፋሽ?» ወይም «ምን ተገኘ እንዲህ የምትስቂው?» ብላ ነው። ከባሏ ለተጣላች የተኳረፉትን ትመርጥላታለች። ሥራ ለፈታች መካኒኩን። ሹሩባ ለምትሠራ ረጅሙን፣ ካስክ ለምትገባ አጭሩን። አንድም ቀን ስታ አታውቅም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ፀጉራቸው ሳይበላሽ ይመጡ ጀመር። «ፀጉር ቤት ከፈትኩ ስል ሐኪም ቤት ሆነብኝ» ይላሉ እትዬ ተሾመች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ባይ ናቸው፤ እሳቸው የሚያምኑት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ብቻ ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገላኔ ስትመርጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምራለች። «ዳታሽን ምን ያስጨርስሻል፣ ከእኔ ውሰጂ።» እሷ አንዴ ታወርደዋለች፤ ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ታሻግራለች። የወሰደችውም ለእህቷ ትሰጣለች፣ እህቷ ለባሏ፣ ባሏ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛው። ሁሉም ያንኑ ይላል፦ ካርድህን ምን አስበላህ፣ ከእኔ ውሰድ። ጎፋ ላይ የወረደው አንድ ፋይል በእጅ በእጅ ሄዶ ሀይሌ ጋርመንት ይደርሳል። ሙሉሰው ስልክ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ ሰው የምትታየው ያወረደችው ገላኔ ብቻ ናት። የቀሩት ሦስቱ መቼም ዘመዶቹ ይሆናሉ።

ይህንን ሁሉ ለሀና ነገረቻት።

«ታዲያ ጻፊለታ!» አሉ እትዬ ተሾመች ከወዲያ ጥግ፤ ለካ ጆሯቸውን ጥለው ይሰሙ ኖሯል።

ጻፈችለት። ቅባት በነካው እጇ ስልኳን እያንሸራተተች፣ ፋይሉን ስታድል እንደኖረች፣ ሰው ሁሉ እንደሚሰማው፣ እባክህ እንዳትዘጋው ብላ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ።

«እህቴ፣ ደግ ልብ አለሽ። ግን እኔን ለማጽናናት ብለሽ አትድከሚ።»

አላመናትም። ማንስ ያምናል? አንድ ሰው «ብዙ ነን» ብሎ ሲጽፍ ያው አንድ ነው። ቀኑ ደግሞ እየገፋ ነው፤ ማታ ሲሆን ባልና ሚስቱም፣ መካኒኩም፣ ያ በየሳምንቱ ደጅ ላይ የሚጣራው ድምፅም ይጠፋሉ። ያን ጊዜ አባቷ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሞት መሰላት። በአንደኛው ሞት ምንም ማድረግ አልቻለችም ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ገላኔ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጣች።

«ሴቶች፣ ስሙኝ! ካስክ ውስጥ ያላችሁም ውጡ!»

ነገሩን ነገረቻቸው። ከዚያም ስልኳን ሀና አፍ ሥር ደቀነች፤ ድምፅ መቅጃውን ከፍታ ተጭናዋለች። «ንገሪው። የሰማሽውን፣ የሆንሽውን፣ የመጣልሽን።»

ሀና እንደ ልማዷ ልትሳለቅ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሌላ ነገር ወጣ።

«ሀና እባላለሁ፤ ባንክ ነው የምሠራው። ያን የተኳረፉትን ባልና ሚስት የሰማሁ ቀን ለእናቴ ደወልኩላት። ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገርኳትም ነበር። ነገ ፋሲካን የማሳልፈው እሷ ጋ ነው። ፀጉሬንም የምሠራው ለዚያ ነው።» ስልኩን በእጇ ገፋ አድርጋ «ይኸው ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች።

ይህንን ገላኔም አታውቅም ነበር። የሀና ትከሻ ላይ እጇን አሳረፈች።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ቢጎዲን የጠቀለለችው ተናገረች፤ ራሷን በፎጣ ያሰረችውም ተናገረች። አንዷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰችበትና ያንኑ ላከችው። በመጨረሻ እትዬ ተሾመች ከጥጋቸው ተነሡ።

«አምጪው እስቲ።» ስልኩን ከአፋቸው አራቅ አድርገው ያዙት። «ሙሉሰው፣ ልጄ፣ ተሾመች ነኝ። እነዚህ እንዳያዩኝ ጓዳ እየገባሁ ነው የምሰማህ። የሰው ቤት አስከፍተህ፣ አስለምደኸን ስታበቃ፣ የራስህን ትዘጋለህ? ነውር አይደለም? ጎፋ ነው ያለነው፣ ከፋርማሲው ጎን። ካላመንክ መጥተህ እይ።»

ፀጉር ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እሳቸው ግን «ወደ ሥራ! ፀጉር ይደርቃል!» ብለው ተቆጡ፤ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

እዚህ ላይ አላበቃም። እያንዳንዷ ሴት ፋይሉን ለሰጠችው ሰው ደወለች፤ ያም ለሰጠው ደወለ። ፋይሉ በሄደበት መንገድ ጥሪው ተከተለው። ዲንሳ የሚባል የመካኒሳ ታክሲ ሹፌር፣ ሚስቱ ደውላለት፣ ተሳፋሪዎቹን በሙሉ አስጩኾ ቀዳና ላከ። ከፎቁ ላይ አንዲት አራስ፣ ከግንባታ ሥራ ላይ አናጢዎች፣ ከበግ ተራ አንድ ሰው በበጎች ጩኸት መሃል ሆኖ ለገላኔ መልእክት ላኩ። ገላኔ ለሙሉሰው ያስተላለፈቻቸው መልእክቶች ሁሉ መታየታቸውን ምልክቱ ይነግራታል። መልስ ግን የለም።

ሰዓቱ ሄደ። ሀና ተሠርታ ብታልቅም አልሄደችም፤ ጥግ ላይ ቆማ የሌሎቹን ቢጎዲን ታቀብላለች። ገላኔ ከእያንዳንዱ ራስ በኋላ ስልኳን ታያለች። ከልብ ያልሆነ ይመስለው ይሆን? ወይስ ተቆጥቶ ይሆን? ሰው በአራት ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲያበቃ ድንገት ይህን ሁሉ ድምፅ ሲሰማ እንዴት ይሆናል? ፀሐዩ ከበሩ ደፍ ላይ እየሸሸ ሲሄድ የእሷም ተስፋ አብሮ ሄደ። እየዛለች ማበጠር ቀጠለች።

በዚህ ላይ መብራት ጠፋ።

«ወይኔ ጉዴ!» አሉ እትዬ ተሾመች። በበዓል ዋዜማ፣ ይህ ሁሉ እርጥብ ራስ ተደርድሮ! ካስኮቹ እያቃሰቱ ዝም አሉ። ቴሌቪዥኑ ዝም አለ፣ የጎረቤቱ ሙዚቃ ቤት ዝም አለ፣ ፎቁ ላይ ይንጎደጎድ የነበረው ወፍጮ የሚመስል ነገር ሁሉ ዝም አለ። ከጧት ጀምሮ ሲጮህ የዋለ ሰፈር ድንገት የራሱን ትንፋሽ ሰማ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ጸጥታ ባይመጣ ኖሮ ከበሩ መጋረጃ ወዲያ የቆመውን ሰው ማንም ባልሰማው።

መጀመሪያ የተሰማው ጫማ ነው። መጣ፣ ቆመ፣ ሊመለስ ያለ ይመስል ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ እንደገና ቆመ።

ከዚያ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

በየራሱ ላይ ያለ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ሀና የያዘችው የቢጎዲን ሣህን ተገለበጠ፤ ማንም አላነሣውም። ያንን የጉሮሮ ድምፅ በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

«ቤቶች?» አለ ሰውዬው።

በስልክ ከሚሰሙት ይልቅ ቀጭን ድምፅ ነው። ደግሞም መጣራት ሳይሆን መጠየቅ ነበር፤ ለመሆኑ ቤት ውስጥ ሰው አለ ወይ እንደሚል።

ሁሉም ገላኔን አዩ። መመለስ ያለባት እሷ እንደሆነች አውቀዋል። ገላኔ አፏን ከፈተች። ከአጥሩ ውጪ፣ ዝናብ እየመታው፣ እየሳቀ የቆመውን አባቷን አየችው። ሳይመልሱለት አይገባም። እንባዋ ወረደ፤ ማበጠሪያውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከዚያ እንደዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ፣ ከሆዷ፣ ኀፍረት ሳይዛት ጮኸች።

«ደጆች!»

«ደጆች!» አለ ፀጉር ቤቱ በሙሉ፤ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የእትዬ ተሾመች ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ፣ ከፋርማሲው፣ አንዲት ልጅ «ደጆች!» አለች። ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ያቺ አራስ መለሰች። ከበላይዋ አንድ ወንድ፣ ከግቢው በር ዘበኛው፣ ከማዶው ሕንፃ ላይ ደግሞ ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ብዙ ሰዎች፤ መብራት የጠፋበት ሰፈር በየመስኮቱ ብቅ እያለ መለሰ።

ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ጫማ አልተንቀሳቀሰም። ሰውዬው እንደ ልማዱ አልተጣደፈም፤ መልሱ እስኪያልቅ ቆሞ ይሰማ ነበር። መልሱ ደግሞ ገና ከሩቅ፣ ከመንገዱ በኩል ይመጣል።

ገላኔ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጋረጃውን ልትገልጥ ሄደች።