አራት ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ክብሪት» ይለዋል፤ አንዴ ጫር ካደረጉት ይነዳልና። ሰሞኑን ግን ጫሪም አላስፈለገው። ጦርነቱ ሁለት ዓመት ዘግቶት የቆየው ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል ተባለ፤ ወዲያው በሩ ላይ ጉርዷ ከጉልበቷ በታች ያልወረደ ተማሪ አትገባም የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ክብሪት ቆሞ አነበበውና ደሙ ፈላ። ጣሪያውን መድፍ የነደለው፣ ወንበሩ ለማገዶ ያለቀ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ሥራ ያጣ ይመስል የልጆች ጉልበት ይለካል።

ቢናደድም ሥራው ጎረፈለት። እናቶች የሁለት ዓመት ዩኒፎርም በፌስታል ቋጥረው ደጁን ሞሉት። ክብሪት የተማሪ ልብስ ሲሰፋ ከጫፉ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። ልጅ ሲያድግ ስፌቱ ይተረተርና ጨርቁ ይለቀቃል። ጦርነቱ በጀመረበት ክፉ ሰሞን አንዳንዶቹ «ለከርሞ ማን አለ፣ ጨርቁን በከንቱ አትጨርስ» ሲሉት፣ ሟርተኛ ብሎ ሰድቦ አባሯቸው ነበር። አሁን እነዚያው ሰዎች ይመርቁታል። እሱ አፌን አታስከፍቱኝ እያለ ይተረትራል፣ ይለቅቃል፣ ይተኩሳል። እጥፋቱ ውስጥ የከረመው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ገና ደማቅ ሰማያዊ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ የልጃቸውን ጉርድ አምጥታ ስፌት መኪናው ላይ ጣለችለት። ሳምንቱን ሙሉ ዛሬ ነገ ሲላት ሰንብቷል። ምን ነክቶት እንደሆነ ለማየት ራሷ ገለበጠችው። እጥፋቱ አንድ ጣት ብቻ ነው።

«ለሰው ልጅ አራት ጣት፣ ለራስህ ልጅ አንድ?» አለችው።

ክብሪት ነደደ። ተኳሾቹን ሰደበ፣ አስታራቂ ነን ባዮቹን ሰደበ፣ ርእሰ መምህሩን ሰደበ፣ የጨርቅ ፋብሪካውን ከነባለቤቱ ሰደበ፤ ፋብሪካው ከተቃጠለ ወዲህ የዚያ ቀለም ጨርቅ ገበያ ላይ የለምና። ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው። ስድቡ ሲያልቅበት እውነቱ ወጣ። ጉርዱን የሰፋው መድፍ የገደለውን ወንድሙን በቀበረ በሦስተኛው ቀን ነበር። መቀሱን እንደያዘ፣ ይህች ልጅ ለከርሞ ትደርሳለች ብሎ ማሰብ አቃተው። ትርፉን ቆርጦ መሬት ላይ ጣለው፣ ማታ ከብጥስጣሹ ጋር ጠረገው። ሌላውን ሁሉ ሟርተኛ ሲል የኖረ ሰው በገዛ ልጁ ላይ አሟረተ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በቁመት እናቷን ልትደርስ ምንም አልቀራት።

«አባዬ፣ አታድግም ብለህ ነው የቆረጥከው?»

ክብሪት መድፉን የተኮሰውን ሰውዬ ይጠላዋል፤ ያን ቀን መቀስ የያዘውን ሰውዬ ግን በለጠ ጠላው። ተነስቶ ሳጥኑን ከፈተና አንዲት ደህና ሱሪውን አወጣ፤ ለሠርግም ለቀብርም የሚለብሳት ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ናት።

ሚስቱ ደነገጠች። «ለቀብር ምን ልትለብስ ነው?»

«ቀብር ሰልችቶኛል» አለና የሱሪውን እግር ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው።

ቁራጩን ተርትሮ ዘረጋው፣ በጉርዱ ጫፍ ዙሪያ ቀጠለው። ፔዳሉን የሚረግጠው ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ ክሩ ሁለቴ ተበጠሰበት፣ ክሩንም ሰደበው። ሲጨርስ ቀለሙ አልገጠመም፤ ቅጥያው ከሩቅ ያስታውቃል። ርእሰ መምህሩ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ ሰኞ ጠዋት ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ እንደሚጠብቀው ለሚስቱ ነገራት። ቀልዱን እንዳልሆነ ታውቃለች።

ልጅቷ ጉርዱን ለበሰችው። ከጉልበቷ በታች በደንብ ወርዷል። ጎንበስ ብላ ጫፉን ገለበጠችና እጥፋቱን በጣቶቿ ለካችው። አንድ እጇ አልበቃ አላት፤ ሁለተኛውን ጨመረች።

«ስምንት ጣት ነው እኮ፣ አባዬ።»

ክብሪት ቀና ብሎ አላያትም። መሬት የወደቀውን ብጥስጣሽ አንድ በአንድ እየለቀመ ኪሱ ይከታል።

«ዝም ብለሽ እደጊ» አላት።