ንጹሕ ጥጥ

ባሌ ከሞተ ሳምንት ሳይሞላው አማቴ ልብሶቹን በሙሉ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው ለሰው ሰጡ። ከሥራ ስመለስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የቀረው መስቀያ ብቻ ነበር።

"አስቀምጠሽ ለብል ከምትቀልቢው ሰው ይልበሰው" አሉኝ።

ከእጃቸው ያመለጠው አንድ ሸሚዝ ነው። ሆስፒታል የገባ ዕለት ነርሷ አውልቃ፣ በፌስታል ቋጥራ የሰጠችኝ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ። አላጠብኩትም። ከነፌስታሉ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከሹራቦቼ ሥር አስቀመጥኩት። አንዳንድ ቀን ቋጠሮውን እፈታና መልሼ አስረዋለሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሌላው የተረፈኝ ዘር ነበር። ባሌ ሰገነቱ ላይ ቲማቲም ይተክል ነበር፤ በየዓመቱ ከሁሉ የጣፈጠውን ፍሬ ዘር እየለየ በፖስታ ያስቀምጣል። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ጠንከር ያለ፣ ሲበስል እንኳ አናቱ ላይ አረንጓዴው የማይለቀው ዓይነት ነው። ገበያ ላይ አይገኝም። ባለፈው ዓመት እሱ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ተክሎቹ ፍሬ ሳይዙ በውሃ ጥም ደረቁ። አማቴ ቤት ነበሩ። "ደረጃ መውጣት ጉልበቴ አልቻለም" አሉ። ልብስ ለማስጣት ግን በየቀኑ ሰገነቱ ላይ ይወጡ ነበር።

ዘንድሮ ፖስታው ውስጥ የቀረውን ዘር ሁሉ ዘራሁት። የበቀሉት አራት ናቸው። እነሱም ከደረቁ የዚያ ቲማቲም ነገር አበቃለት።

ቀን ሙሉ ሥራ ነኝ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ከሰዓት በኋላ የሰገነቱ ሲሚንቶ ግሎ እግር አያስረግጥም። ስለዚህ ራሱን የሚያጠጣ ባልዲ ልሠራ ወሰንኩ። ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ባልዲ ሌላው ውስጥ ይቀመጣል፤ ላይኛው አፈር፣ ታችኛው ውሃ ይይዛል። ላይኛው ሥሩ ይበሳና በቀዳዳው የጨርቅ ጥብጣብ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን እየሳበ ለተክሉ ያደርሳል። ውሃው የሚሞላው በጎን በኩል በቆመ ቱቦ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥም አለ። ሱቅ ገብቼ ዋጋውን ጠየቅኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ባልዲውን ያገኘሁት ዳቦ ቤት ነው። ሰፈሩ "ቡኮ" የሚለው ጋጋሪ የቅባት ባልዲዎቹን ጓሮ ከምሯቸዋል።

"ስምንት ባልዲ!" አለ። "ምን ልታጥቢ ነው እህቴ፣ ከተማውን?"

"ቲማቲም ልተክልባቸው።"

"ለአንድ ሰው አይበዛም?" ካለ በኋላ ነው ያለው የገባው። ፊቱ ላይ ያለውን ዱቄት በክንዱ ጠረገ።

"አማቴም አሉ" አልኩት።

"እሳቸው ሰው እንጂ ቲማቲም ይበላሉ እንዴ?"

ሳቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቄ ነበር። ቅባቱን ራሴ ሙልጭ አድርጌ ላጥበው ተስማምተን በነፃ ሰጠኝ። ቱቦውን መንገድ ማዶ ከሚሠራው ሕንፃ አገኘሁ፤ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው ሰውዬ ቆርጦ የጣለውን ቁርጥራጭ "ሰብስበሽ ከወሰድሽልኝ እኔ ነኝ የማመሰግነው" አለኝ።

ያስቸገረኝ ጨርቁ ነው። ውሃ የሚስበው ንጹሕ ጥጥ ብቻ ነው። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ "ጥጥ ነው፣ ሙች!" ብሎ ምሎ አንድ ጉንጉን ቁርጥራጭ ሰጠኝ። ቀለም በበጠበጥኩበት ውሃ ውስጥ ጫፉን አስገብቼ አደርኩ። ቀለሙ አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ቆሟል። የወለል መወልወያ ክርም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ችግኞቹ ግን በሲኒ ውስጥ እየቀጠኑ፣ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ እያሰገጉ ነበር።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። ዛሬም ራሳቸው ካልሰፉት፣ ጥጥ ካልሆነም አይለብሱም። ጥብጣቡን ይዤ ክፍላቸው ገባሁ። አንድ ክር መዘው ክብሪት ለኮሱበት። ክሩ ተኮማትሮ ጥቁር ዶቃ ሆነ።

"ፕላስቲክ ነው" አሉ። "ጥጥ ሲቃጠል ወረቀት ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይበናል። ይሄንን እንኳ ሳታውቂ ነው የተማርሽው?"

"ከእርስዎ ዘንድ ቁራጭ ጥጥ አይጠፋም፣ እማማ። አሮጌ አንሶላም ቢሆን።"

"የእኔ ጥጥ የተሰፋው ለሰው ነው።" ጭናቸው ላይ ያለውን ቀሚስ በመዳፋቸው ዳመጡት። "ልጅ ማብቀል ያቃታት ቲማቲም ላብቅል ብላ ተነሳች! ጉድ እኮ ነው።"

"የልጅዎ ቲማቲም ነው።"

"ልጄ የታለ?" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጄን ሆስፒታል ወሰድሽ፤ ፌስታል ይዘሽ መጣሽ።"

ፌስታሉን ማየታቸውን አላውቅም ነበር። ክብሪታቸውን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸውና ወጣሁ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤት ያልጠበቅኩት ነገር ሆነልኝ። የምሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥጥ እንደምፈልግ የሰማች አንዷ ባልደረባዬ ጡረታ ልትወጣ ዕቃዋን ስትሰበስብ፣ ያረጀ ነጭ ጋውን አውጥታ "የድሮ ነው፤ ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ነው" አለችኝ። ክር መዝዤ አቃጠልኩት። ወረቀት ወረቀት ሸተተ። ማታ ቤት ስደርስ ጋውኑን ብብቴ ሥር ይዤ የሰገነቱን ደረጃ በሩጫ ነው የወጣሁት።

አማቴ ሰገነቱ ላይ፣ ልብስ የሚያጥቡበት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አራቱ ባልዲዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ አፈሩ ተሞልቷል፣ ቱቦዎቹ ቆመዋል፣ ችግኞቹ ተተክለዋል። ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ አንድም ቅጠል አልተሰበረም።

"ደከመሽ ብዬ ጨረስኩልሽ" አሉ።

አንዱን ላይኛ ባልዲ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ከሥሩ የተንጠለጠለው ጥብጣብ ሰማያዊ መስመር አለው። እንዳይተረተር ጠርዙ ዙሪያውን በመርፌ ተዘምዝሟል። የሚቀጥለውን አነሳሁ። እሱ ኮሌታው ነበር፣ ድርብ ሆኖ።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ንጹሕ ጥጥ።"

"መሳቢያዬን ከፈቱት።"

"ጨርቁን የመረጥኩት እኔ። የቆረጥኩት እኔ። የሰፋሁት እኔ። ልቅደደው ስል ማንን ላስፈቅድ?" በርጩማውን ወደ ጥላው ሳቡ። "ለብቻሽ ልታሸቺው ነበር?"

"አጠቡት?"

"ምን አደከመኝ! ውሃ ውስጥ አይደል የገባው? ራሱ ይታጠባል።" ከኪሳቸው የሸሚዙን ቁልፎች አውጥተው ባልዲው ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ ደረደሩልኝ። "እነዚህን አስቀርቼልሻለሁ። ለማስታወሻ።"

ጥብጣቡን ለመሳብ እጄን ዘረጋሁ።

"ሳቢው እንጂ" አሉ። "ሥሩ ላይ ጠምጥሜዋለሁ። ሸሚዝሽ ሲወጣ ችግኝሽም አብሮ ይወጣል። ምረጪ።"

ልጃቸው ሲሞት ያላለቀሱት ሴትዮ ዓይኔን ዓይኔን ያዩ ነበር፣ ላለቅስ እንደሆነ። ባልዲውን ወደ ቦታው መለስኩት። ቁልፎቹን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ጆግ አምጥቼ በየቱቦው ውሃ ሞላሁ።

"ጎሽ" አሉ።

ሸሚዙ ውሃ ይስባል። እንደዚያ አድርጎ የሚስብ ጨርቅ አላየሁም። ችግኞቹ ግንድ አወጡ፤ ምርኩዝ ተከልኩላቸው፤ አበቡ። ውሃ በሞላሁ ቁጥር ላይኛውን ባልዲ ጥቂት ከፍ አድርጌ አያለሁ። መጀመሪያ መስመሩ ደበዘዘ፤ ከዚያ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ያዘው። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ኩሬ ኩሬ ይላል። ከዚያ ወዲህ ማንሳቱን ተውኩት።

የአማቴ ጉልበት ደግሞ ዳነ። ጠዋትም ማታም ይወጣሉ። "አሁንም አልቀላም? እንዳንቺው መካን እንዳይሆን ብቻ!" ይሉኛል። አንድ ጊዜ መኖሬን ሳያውቁ ቅጠሉን በጣታቸው ሲያሹ፣ ጣታቸውንም አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አየኋቸው። ድምፅ ሳላሰማ ወረድኩ። ቆሜ ብጠብቃቸው ምናልባት አብረን እናለቅስ ነበር። አልፈለግኩም።

የመጀመሪያው ፍሬ የበሰለው ኮሌታው ያለበት ባልዲ ላይ ነው። ቆርጬ ሳወርደው አማቴ ጠረጴዛ ጋ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

"ቶሎ በይ። ፍሬ ለማየት ስንት ዘመን ልጠብቅሽ?"

ለሁለት ከፈልኩት። ዘሩን በማንኪያ ጠርጌ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩ፤ ሥጋውን ስስ ስስ አድርጌ ቆርጬ በሳህን አቀረብኩላቸው።

"እርስዎ ይቅደሙ፣ እማማ።"

ቀደሙ። ማኘክ እስኪጀምሩ ጠበቅኩ።

"ኮሌታውን ያሰሩበት ነው" አልኳቸው። "ሆስፒታል የገባ ዕለት ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ሸሚዙ ርሶ ነበር የወለቀው። እርስዎም አላጠቡት። ያ ተክል ሲጠጣ የከረመው የልጅዎን ላብ ነው።"

መንጋጋቸው ቆመ። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አንገታቸው ላይ ያለው ቆዳ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፤ ዋጡት።

"ጨው አምጪ" አሉ።

አመጣሁላቸው። አንዲት ቁራጭ ሳያስተርፉልኝ በሉ፤ የሳህኑን ውሃ በጣታቸው ጠረጉ። ከዚያ ዓይናቸው ብርጭቆው ላይ አረፈ።

"ይሄስ?"

"ለከርሞ የሚዘራ ነው።"

"ለከርሞ!" ሳቁ። "በምን ልታጠጪው? ሸሚዙ እንደሆነ በስብሷል። ከየት አባሽ ነው ደግሞ ጥጥ የምታመጪው?"

ነጩ ጋውን ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ ፌስታሉ የነበረበት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ስለ እሱ አልነገርኳቸውም። ሳህኑን አነሳሁ።

"የለበሱት ቀሚስ ንጹሕ ጥጥ አይደል፣ እማማ?" አልኳቸው። "ለከርሞ ይደርስልኛል።"

ሁለት እጃቸው ወርዶ ጭናቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ጨበጠ። እኔ ሳህኑን ላጥብ ሄድኩ።